የመተማ መንገድና የሴቶች እጅ



ስለ መተማ በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ ወደ አሳባችን የሚመጣው አንድ ነገር ነው። ይኸውም መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የቈሰሉበትና በማግሥቱ ያረፉበት የጦር ሜዳ መሆኑ ነው። በትምህርት ቤት የተማርነው ይህንኑ ነው፤ ቀኑንና የራሶቹን ስም በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን ነጥብ አግኝተንበታል። ዛሬ ግን ወደዚያው አገር አብረን ስንወርድ ሌላ ጥያቄ ይዘን እንድንሄድ እለምንዎታለሁ። ከመቶ ሺህ በላይ እንደነበረ የሚገመተውን ያን ሠራዊት ማን አበላው? ውሃውንስ ማን ቀዳለት? ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊትስ የመተማን ገበያ ገበያ ያሰኘው የማን ድካም ነበር?

መልሱ በአብዛኛው የሴቶች ድካም ነው። ይህን ለመረዳት መንገዱን ራሱን ማየት ይጠቅማል።

ከደጋ ወደ ቈላ

ጉዞው የሚጀመረው ከጐንደር ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ስለሚገኝ ማለዳው ይበርዳል፤ ጋቢ ያስደርባል። አዘዞን ካለፉ በኋላ መንገዱ ወደ ምዕራብ ታጥፎ የጭልጋን አገር ይይዛል። አይከል ላይ ወርደው ቡናዎን ጠጥተው ሲነሡ ገና ደጋውን አልለቀቁም። ከዚያ ወዲያ ግን መሬቱ እየዘቀዘቀ፣ አየሩም እየሞቀ ይሄዳል። ነጋዴ ባሕርን፣ ቀጥሎም የምዕራብ ጐንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ገንዳ ውሃን አልፈው መተማ ዮሐንስ ሲደርሱ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ሜዳ ወርደዋል። መንገዱ በጠቅላላው ከ180 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጋቢው ተጠቅልሎ ከሻንጣ ገብቷል፤ የጤፉ ማሳ ከኋላ ቀርቶ በምትኩ የዕጣን ዛፍ፣ ሽመል፣ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ እርሻ ይታያል።

ከከተማው ጫፍ አንድ ትንሽ ወራጅ ውሃ አለ። በላዩ ላይ ያለውን አጭር ድልድይ የተሻገረ ሰው ገላባት ገባ ይባላል፤ ገላባት የሱዳን ነው። ይህ ወሰን የተደነገገው ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ግን ማዶና ማዶው አንድ ሰፊ የገበያ አገር ነበር።

ዛሬ መኪና በአንድ ቀን የሚጨርሰው ይህ መንገድ ለቀድሞው ሲራራ ነጋዴ ብዙ ቀን የሚፈጅ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ የቈላው ንዳድም ይነሣል። ስለዚህ ነጋዴው ዝናብ ሲያባራ ወርዶ ዝናብ ሳይጥል መመለስ ነበረበት። በአሁኑም ዘመን ቢሆን የአካባቢው ጸጥታ አንዳንድ ጊዜ ስለሚናጋ መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት ሁኔታውን ጠይቆ ማወቅ ይገባዋል።

ጥጥ የወጣበት መንገድ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መተማ የታወቀ የድንበር ገበያ ነበረች። በከተማይቱና በዙሪያዋ የነበሩት ብዙዎቹ ነዋሪዎች ተክሩር የሚባሉ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነሥተው በመንገድ የቀሩ የእስልምና ሃይማኖት ተከታዮች ነበሩ። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ፣ ፈረስና በቅሎ ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል የውጭ አገር ሸቀጥ ይመጣል፤ ከቈላው ደግሞ ጥጥ ወደ ደጋ ይወጣል።

ከዕቃዎቹ ሁሉ በጥጡ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ጥጥ በብርዳማው ደጋ አይበቅልም፤ የደጋው ሰው ግን ያለ ጥጥ ልብስ አይኖርም። የጐንደር ሸማኔዎች በብዛት እስላሞችና ቤተ እስራኤላውያን ሲሆኑ ሽመና የወንድ ሥራ ነበር። ነገር ግን ሸማኔው ከመቀመጫው ገብቶ መወርወሪያውን ከማንሣቱ በፊት ያለው ሥራ ሁሉ የሴት ነው። ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ ፍሬውን የምትለይ፣ በደጋን ነድፋ ባዘቶ የምታደርግ፣ በእንዝርት ፈትላ ልቃቂቱን የምትጠቀልል ሴት ናት። እመቤት ብትሆን ከደንገጡሮቿ ጋር፣ ድኻ ብትሆን ብቻዋን በኵራዝ ብርሃን ትፈትላለች። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ብዙ ሳምንት ይፈጃል፤ ሸማኔው ግን በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። ሆኖም ልብሱ ሲመሰገን የሚጠራው የሸማኔው እጅ ነው።

እንዲሁም በጐንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ይሠሩ ነበር። ጭቃውን ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው እየገነቡ ገንቦውን፣ ድስቱንና ምጣዱን በገላጣ እሳት ይተኩሱታል። ውሃ የሚቀዳው፣ ጠላ የሚጠመቀው፣ እንጀራ የሚጋገረው በዚሁ ዕቃ ነው። ከጭልጋ በኩል ደግሞ የቅማንት ሴቶች እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ጐንደር ገበያ ያደርሱ ነበር። ስለዚህ አንድ የጐንደር መኰንን ማታ ግብር ሲያበላ በቤቱ የሚነደው እሳት፣ የሚቀዳው ጠላ፣ የለበሰውም ኩታ በሴቶች እጅ ያለፈ ነው ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ሴት ሁሉ ምንም መብት አልነበራትም ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው። በአማራው አገር ባላባትነት በእናትም በአባትም ስለሚቈጠር ሴት ልጅ ከወንድሞቿ ጋር ርስት ትካፈል ነበር። በሰማንያ የተጋባች ሴት ትዳሩ ቢፈርስ ከሀብቱ ግማሹን የመካፈል ደንብ ነበራት። ባል ብታገባም በአባቷ ስም ትጠራለች እንጂ በባሏ ስም አትጠራም። በዚሁ ዘመን በብዙ የአውሮፓ አገሮች ያገባች ሴት ንብረቷን በስሟ መያዝ ትቸገር እንደነበር ስናስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የኮሶ ሻጭ ልጅ

ከመተማ ወደ ደቡብ ሲል ቋራ ይገኛል። ቋራ የአፄ ቴዎድሮስ አገር ነው። ነገሩ ከምንጽፍበት ዘመን ጥቂት ቢቀድምም የሴት ሥራ በአደባባይ እንዴት ይታይ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የቴዎድሮስ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ችግር ላይ ወድቀው ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን አሳደጉ ይባላል። ኮሶ በዚያን ዘመን መኳንንቱም ሕዝቡም በየጊዜው የሚጠጣው የሆድ መድኃኒት ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ዳሩ ግን ልጃቸው ካሣ ሸፍቶ በበረታ ጊዜ ጠላቶቹ የሚሰድቡበት ቃል «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚል ሆነ። የእቴጌ መነን አሽከር የነበሩት ደጃዝማች ወንድይራድ ይህን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብለው ፎክረው ሄዱ፤ ድል ሆነውም ተማረኩ። ካሣም እናቱ በዚያ ቀን ገበያ ሳይቀናቸው የተረፈ ነው በማለት በምግብ ፈንታ ኮሶ አቀረቡላቸው ተብሎ ይተረካል።

ታሪኩን ስንሰማ እንሥቃለን። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ገልብጠው ይመልከቱት። ደጃዝማች ወንድይራድ ራሳቸው የሚያገለግሉት ሴት ገዢን ነበር። የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ደምቢያን ይዘው ያስተዳድሩ፣ ጦርም ያዝምቱ ነበር፤ በ1839 ዓ.ም. ካሣ ድል ነሥቶ እስኪማርካቸው ድረስ በጐንደር አካባቢ የሚፈሩ ገዢ ነበሩ። እንግዲህ በአንድ አገርና በአንድ ዘመን ሴት ሆኖ ማዘዝ አያሳፍርም፤ ሴት ሆኖ በገበያ ተቀምጦ ልጅን ማሳደግ ግን ስድብ ይሆናል። የተናቀው ሴትነት ብቻ ሳይሆን ሥራው ጭምር ነበር። ሸማኔውን ቍጢት በሊታ፣ አንጥረኛውን ቡዳ፣ ሸክላ ሠሪዋንም እንዲሁ እያለ ሲሰድብ የኖረው አስተሳሰብ ኮሶ ሻጯንም አልማረም።

የሴት መልክ ያለው ብር

በመተማ ገበያ መገበያያ ከነበሩት ገንዘቦች ዋናው የማርትሬዛ ብር ነው። ይህ ብር በኦስትሪያ የነገሠችው የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ የታተመበት ሲሆን፣ ንግሥቲቱ ከሞተች ብዙ ዘመን አልፎም ቢሆን 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ይሠራ ነበር። ስለዚህ በሱዳን ድንበር ላይ ያለ ነጋዴ ሁሉ በከረጢቱ የአንዲት ሴት መልክ ይዞ ይዞር ነበር።

ያሳዝናል እንጂ፣ በዚሁ ብር ሴቶችም ይሸጡ ነበር። መተማ ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ በጐጃምና በጐንደር በኩል ተነድተው የሚመጡ ባሮች ወደ ሱዳን የሚወጡበት ትልቅ በር ነበረች፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ልጃገረዶችና ሕፃናት ነበሩ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በዚህ ሲያልፍ በገበያው ለሽያጭ የተቀመጡትን ልጃገረዶች አይቶ ጽፏል። ከጐኑ የነበረችው የወደፊት ሚስቱ ፍሎረንስም ከዚያ 3 ዓመት አስቀድሞ በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በቪዲን ከተማ ከባሪያ ገበያ የተገኘች የአውሮፓ ልጅ ነበረች። በመተማ ገበያ የነበሩትን ልጃገረዶች ጽሑፉ ውበታቸውን ያወሳል እንጂ ስማቸውን አይነግረንም።

አፄ ዮሐንስ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. በዓድዋ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር ሲዋዋሉ በዚያው ቀን የባሪያን ንግድ ለማጥፋት የሚል ውልም ፈርመዋል። የውል ቃል ግን በአንድ ቀን ገበያ አይዘጋም። የባሪያ ሥርዓት በኢትዮጵያ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከቈላው መንገድ ዳር ተቀምጠው ሰሊጥ የጫነ ካሚዮን ሲያልፍ ሲያዩ፣ በዚሁ አቅጣጫ በእግራቸው የተነዱትን ልጆች ማሰብ ተገቢ ነው።

ጐንደር በተቃጠለችበት ወራት

የ1876ቱ ዋናው ውል ኢትዮጵያ በሱዳን ድንበር ተከበው የነበሩት የግብፅ ወታደሮች በአገሯ በኩል እንዲወጡ እንድትረዳ የሚል ነበር። የመተማው ጦር ሰፈር ሰዎችም ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በዚህ መንገድ ወጥተዋል። የማሕዲ ተከታዮች፣ በእኛ አነጋገር ድርቡሾች፣ ይህን በጠላትነት ቈጠሩት። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. የጐጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው የድርቡሾችን ጦር መቱ። በዓመቱ በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ አንጃ የሚባለው የድርቡሾች አለቃ ብዙ ጦር ይዞ ወጣ፤ የንጉሡን ሠራዊት ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጐንደር ገባ።

ስለዚያ ወር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት የተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። መጠቀሳቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወራሪው ሲመለስ ብቻውን አልተመለሰም። በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሴቶችና ልጆች፣ ከንጉሡ ቤተሰብ ያሉትም ጭምር፣ በዚሁ እኛ በምንወርድበት መንገድ ወደ መተማ ተነዱ፤ ብዙዎቹም ከዚያ ወደ ኦምዱርማን ተወሰዱ። ጥጥ ትፈትል የነበረችው የጐንደር ሴት ጥጡ በመጣበት መንገድ ምርኮኛ ሆና ወረደች ማለት ነው። ዕፅፍ ድርብ የነበረው መከራ ይህ ብቻ አልነበረም። የከብት በሽታ የእርሻውን በሬ ጨርሶ «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ የጀመረው በዚሁ ዘመን ነው።

አፄ ዮሐንስ ወደ መተማ የወረዱት ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው።

የሠራዊቱ ማድ ቤት

የዚያን ዘመን ሠራዊት እንደዛሬው የስንቅ ክፍል የለውም። እያንዳንዱ ወታደር የራሱን ስንቅ ይዞ ይዘምታል፤ የራሱን ስንቅ ይዞ ማለት ግን ሚስቱ፣ እናቱ ወይም ገረዱ ያዘጋጀችለትን ይዞ ማለት ነው። ዘመቻ ከመታወጁ በፊት ገብሱን ቆልታ በሶ የምትፈጭ፣ ዳቦ ቆሎውን የምትቆላ፣ ድርቆሹን የምታደርቅ፣ በርበሬውን የምትደልዝ ሴት ናት። ጉዞ ሲጀመርም ሥራዋ አያልቅም። ቀን ሙሉ ዕቃ ተሸክማ ከሰልፉ ኋላ ትሄዳለች፤ ማታ ሠራዊቱ ሲያርፍ እርስዋ ሥራ ትጀምራለች። ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ እህል ትፈጫለች፣ ትጋግራለች። በመኳንንቱ ሰፈር ደግሞ ጠጅ ጣይዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋና ወጥ ሠሪዋ የየራሳቸው ቦታና አለቃ አላቸው። ስለዚህ ከመቶ ሺህ በላይ የሚሆን ሠራዊት መተማ ወረደ ሲባል፣ ከጦሩ ቍጥር ውስጥ የማይገቡ ብዙ ሺህ ሴቶችም ወርደዋል ማለት ነው።

እስቲ በመጋቢት ወር መተማን ያስቡት። በዓመቱ ውስጥ ሙቀቱ የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ ትንንሾቹ ወንዞች ደርቀዋል። በዚህ ጊዜ ከጠመንጃው ያላነሰ የሚያስፈልገው ገንቦ ነው።

በቅጥሩ ውስጥም የነበሩት ወንዶች ብቻ አልነበሩም። ድርቡሾቹ በእሾህ አጥር በታጠረው ሰፈራቸው ውስጥ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ተቀምጠው ነበር። መጋቢት 1 ቀን የኢትዮጵያ ሠራዊት አጥሩን በአንድ በኩል ጥሶ በገባ ጊዜ ብዙ ሴቶችና ልጆች ማረከ። ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ሲያዘነብል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ወሬው በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተፈታ። እነ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ የንጉሡን አስከሬን ይዘው ወደ ኋላ ሲመለሱ ድርቡሾች ተከትለው አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱባቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ሠራዊት ሲሸሽ ፈረስ ያለው ይቀድማል፤ ጠመንጃ ያለው መንገድ ይከፍታል። ገንቦና ምጣድ ተሸክማ በእግርዋ የምትሄደው ከሁሉ ኋላ ትቀራለች። በመተማና በአትባራ መካከል የደረሰውን ስናነብ ይህን መርሳት አይገባንም።

ከመተማ እስከ ዓድዋ

አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት እነዚህ ሴቶች ያደረጉትን በእርግጥ እንዴት እናውቃለን ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄዎ ትክክል ነው። መልሱን ለማግኘት ከመተማ ጦርነት 7 ዓመት ያህል ወደ ፊት፣ ወደ ዓድዋ እንሂድ።

የዓድዋው ሠራዊት አኳኋን ከመተማው የተለየ አልነበረም። ያው ስንቅ፣ ያው ገንቦ፣ ያው ከሰልፉ ኋላ የሚሄድ የሴት ጭፍራ ነው። ነገር ግን በዓድዋ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ነበሩ። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጣልያን ምሽግ በተከበበ ጊዜ የምሽጉ የውሃ ምንጭ እንዲያዝ ያሳሰቡ እርሳቸው ናቸው፤ ምሽጉም በውሃ ጥም ተጨንቆ ለቀቀ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ደግሞ በሰፈሩ ያሉት ሴቶች በየገንቦው ውሃ እየቀዱ ለተዋጊውና ለቍስለኛው እንዲያቀርቡ አደረጉ። ይህን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዳግማዊ ምኒልክ የታሪክ መጽሐፋቸው ስለጻፉት ዛሬ እናውቀዋለን፤ ልጆቻችንም ይማሩታል።

እቴጌይቱ በአባታቸው የሰሜን ሰው ናቸው፤ ያደጉትም በዚያው በመሳፍንቱ ዘመን ማብቂያ ጦርና ስደት በበዛበት ወራት ነው። ውሃ በጦር ሜዳ ምን ያህል እንደሚፈርድ ለማወቅ የውጭ አገር አስተማሪ አላስፈለጋቸውም። ይህን ዕውቀት ገንቦ ተሸክማ የዘመተች ሴት ሁሉ ታውቀው ነበር። ልዩነቱ በዓድዋ ገንቦ ተሸካሚዎቹን የምታዝዝ እቴጌ መኖሯ፣ በእቴጌይቱም አጠገብ የሚጽፍ ሰው መኖሩ ነው።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። በመተማ የነበሩት ሴቶች በዓድዋ ከነበሩት ያነሰ አልሠሩም። የሠሩት ሥራ ያው ነው፤ ያነሰው የተጻፈላቸው ነው። ሥራ ካልተጻፈ ደግሞ በሦስተኛው ትውልድ እንዳልተሠራ ይቈጠራል።

በዛሬይቱ መተማ

አሁን ወደ ከተማይቱ እንመለስ። ፀሐይዋ ጠንክራለች፤ ጥላ መፈለግዎ አይቀርም። ጥላ ያለበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ ከሰል አቀጣጥላ ሻይና ቡና የምትሸጥ ሴት አለችበት። የሰሊጡ አረምና አጨዳ በደረሰ ጊዜ ከደጋ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል፤ በየእርሻው ሰፈር ዱቄቱን አቡክታ፣ እንጀራውን ጋግራ የምታበላው ሴት ናት። በገበያውም ቅመሙን፣ በርበሬውን፣ ልብሱን ይዘው የተቀመጡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሰው በዚችው በትንሿ ድልድይ ተሻግሮ መተማ ገብቷል። ከእነርሱ መካከል ልጅ አዝለው የመጡ ሱዳናውያት፣ ሱዳን ውስጥ በሰው ቤት ሲሠሩ ወይም ሻይ ሲሸጡ የነበሩ ኢትዮጵያውያትም ነበሩ። በ1880 ዓ.ም. ሴቶች ከጐንደር ወደ ኦምዱርማን የተነዱበት መንገድ በዘመናችን ከካርቱምና ከኦምዱርማን ለሸሹ ሴቶች መጠጊያ ሆነ። የመተማ ሴቶች ምጣዳቸውን ጥደው እንግዳውን ሲያበሉ ከአያቶቻቸው የወረሱትን ሥራ እየሠሩ ነበር።

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቻችሁ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ወጣት ሠራተኞች ናችሁ። ስለዚህ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። ነገ ከእናንተ አንዱ በመተማ፣ በቋራ ወይም በሌላ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ከጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣል። አንዲት ሴት ቅጽ ልታስሞላ ትመጣለች። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ቀበሌዋን ጠይቆ «የሥራ ዓይነት» ከሚለው መሥመር ሲደርስ ቀና ብሎ ሳያያት «የቤት እመቤት» ብሎ ይጽፋል። እርስዋ ግን በዚያን ዕለት ማለዳ በሌሊት ተነሥታ ጠላ ጠምቃለች፤ ከገበያ አንድ ኵንታል ማሽላ ገዝታ ከፋፍላ ሸጣለች፤ ለአሥር የቀን ሠራተኛ እንጀራ አድርሳ ነው የመጣችው።

ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል። «እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም እንደሰሙት መጻፍ ነው። የመተማን ገንቦ ተሸካሚዎች ያልጻፈ ብዕር ከብዙ ዘመን በፊት አልፏል፤ ልንመልሰው አንችልም። የእርስዎ ብዕር ግን ገና በእጅዎ ነው።